የምርጫ ሳምንት ለቅሶ

ፔኒና ባሏ የሞተባት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ምርጫው ደግሞ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነበር። ዛብሎን በሕይወት እያለ ለምንም ነገር ጊዜ መርጦ የማያውቅ ሰው ስለነበር ለሞቱም አልመረጠም። የናኩሩ ከተማ በሙሉ ዱቄትና ሻማ እየሸመተ በሩን በሚዘጋበት፣ መኪና ተለምኖ በማይገኝበት፣ ልጆቹን አገር ቤት ያልላከ ሰው እንደ ሞኝ በሚታይበት ሳምንት የደም ግፊቱ ተነሣበትና ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

"ምናለ አንድ ወር ብትታገሥ?" አለችው ሬሳ ማቆያው ውስጥ ጨርቁን ገልጣ። ጠባቂው ደንግጦ አያት። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም፤ ከልቧ ነው የተናደደችው።

ልብስ በምትሸጥበት በሰልባጅ ተራ ፔኒናን፣ ማማ ላዊን፣ የማያውቅ የለም። ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አገላብጦ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚከተለውን ስድቧን ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል። የተወለደችው በተራራው አገር ከኪኩዩ ቤተሰብ ነው፤ አባቷ ያወጡላት ስም ዋንጌቺ ነው። ያገባችው ግን ከሐይቁ ዳር የመጣውን የሉኦ ልጅ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን ዛብሎን ኦጉቱን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ። ጎረቤት ባሕር ማዶ በሚኖረው በልጇ በላዊ ስም ስለሚጠራትና የሉኦን ቋንቋ ከአማቷ ተምራ አቀላጥፋ ስለምትናገር፣ ትውልዷ የት እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ነው። ስትቆጣ ብቻ ምላሷ የተራራውን ለዛ ያወጣል። ችግሩ፣ ሁልጊዜ ትቆጣለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንጨረጭራት ደግሞ ምርጫ ነው። አምስት ዓመት ጨው የተበዳደረ ጎረቤት በምርጫው ዋዜማ ስንት ሆነን ስንት ሆናችሁ ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ዘንድሮ የተራራው ወገን መሰላል፣ የሐይቁ ወገን ባልዲ የሚል ምልክት ይዞ ስለቀረበ፣ ገበያ ውስጥ ባልዲ ተሸክሞ መሄድ እንኳ ነገር ሆኖ ነበር። በዚያ ከምርጫ በኋላ ሰው እንደ ከብት በታረደበት ክፉ ዓመት እሷ ዛብሎንን ከወንድሞቿ ደብቃለች፤ ዛብሎንም እሷን ከወንድሞቹ ደብቋል። ከዚያ ወዲህ "ሰላም እንፈልጋለን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ የሚያድሉትን ሰዎች ስታይ ደሟ ይፈላል። ካናቴራው በዓመቱ ተመልሶ የሚመጣው የእሷው የሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው፤ የሚገዛውም የለም።

ማክሰኞ ሰው ድምፁን ሰጠ። ረቡዕም ሐሙስም ሁለቱም ወገኖች አሸንፈናል አሉ። ውጤቱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይነገራል ተባለ። ፔኒና ሐሙስ ማታ ሐይቁ ዳር ላለው ለባሏ ታናሽ ወንድም ለኦቾላ ደወለች።

"ሺሜጂ፣" አላት፤ የወንድሙ ሚስት ናትና። "ውጤቱ ይነገርና እንቀብረዋለን። መንገዱ አሁን አይታመንም።"

"ውጤቱ ሲነገር ነው የማይታመነው! አሁን ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ቅዳሜ አንዱ ያለቅሳል። ያኔ ወንድምህን በአውሮፕላን ላምጣልህ?"

"ቤትም የለውም እኮ።"

እውነቱን ነው። በሉኦ ወግ አንድ ወንድ ባባቱ ግቢ ውስጥ የራሱን ጎጆ ሳይቀልስ እዚያው ግቢ አይቀበርም። ሞቶም ቢሆን ቤቱ መጀመሪያ ይቆማል። ዛብሎን ይህን እያወቀ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ "ከምርጫው በኋላ እሠራለሁ" ሲል ኖረ። ምርጫ መጥቶ ምርጫ ሲሄድ አንድ ምሰሶ አልተከለም።

"አራት እንጨትና ቆርቆሮ አቁምለት፣" አለችው በመጨረሻ። "በር ይኑረው። ነገ ይዤው እመጣለሁ። ቅዳሜ ከነጋ በኋላ መንገዱ ከተዘጋ መቼም አልቀብረውም፤ እዚህ ማዘጋጃ ቤት እንደ ወፍ ዘራሽ ይጥልብኛል። ሰማኸኝ? ነገ!"

ዓርብ ጠዋት የተከራየችው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሬሳ ማቆያው በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ኪሎንዞ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የካምባ ሰው ነው፤ ሌላ ሾፌር እሺ አላላትም። ለቅሶ መሆኑ ከሩቅ እንዲታወቅ ቀይ ጨርቅ ፊት ለፊት አስሯል። የሬሳ ሣጥኑ መሐል መተላለፊያው ላይ ተቀምጧል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ነገር ግን አብረዋት ይሄዳሉ የተባሉት አራት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ቀርተው፣ በነሱ ፋንታ አይታቸው የማታውቃቸው ሃያ ስድስት ሰዎች እንደ ለቀስተኛ የቅጠል ዝንጣፊ ይዘው ቆመዋል።

"ምንድነው ይሄ?" አለች።

"ለቀስተኞች ናቸው፣" አለ ኪሎንዞ ዓይኑን እያሸሸ።

"የማን ለቀስተኞች?"

"የ... ባለቤትዎ።"

ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ወደ አገራቸው መሸሽ የፈለጉ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ወደ ሐይቁ የሚሄድ መኪና ከጠፋ አራት ቀን ሆኗል፤ መንገድ የሚዘጉት ጎረምሶች ግን ሬሳ የያዘ መኪና አይነኩም የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ነግሷል። ከሰዎቹ አንዷ ሦስት ዶሮ በቅርጫት የያዘች ግንባረ ሰፊ ዓሣ ነጋዴ ናት፤ ስሟ ሪስፓ ነው። ከአጠገቧ ጃሬድ የሚባል ወፍራም ሰውዬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን ታቅፎ ቆሟል።

"የአክስቴ ልጅ ነበር፣" አለ ጃሬድ ሐዘን ፊቱ ላይ ሊያመጣ እየሞከረ።

"ስሙ ማነው?"

ጃሬድ ቅጠሉን አየ። "ጆሴፍ።"

"ቴሌቪዥኑስ? እሱም ዘመድ ነው? እሱም ሊያለቅስ ነው የሚሄደው?"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሪስፓ ግን አልሳቀችም። "ማማ፣ አትቆጪ፣" አለች። "ሦስት ሌሊት በር ዘግቼ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ወዴት እሄዳለሁ? ያንቺ ሰውዬ እንደሁ አንዴ ሞቷል፤ ቢያሳልፈን ምን ይጎዳል?"

ፔኒና ልታባርራቸው አፏን ከፈተች። ከኋላ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ሁሉንም አስገባቻቸውና እንደ አንደኛ ክፍል አስተማሪ በሩ ላይ ቆመች። ሬዲዮ የለም። ስለ ባልዲና ስለ መሰላል ወሬ የለም። የሟች ስም ዛብሎን ኦጉቱ ነው፤ በሉ። አሉ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ በሉ። አሉ። ግፊት ነው የገደለው፤ ሰው አይደለም። ይህንንም አሉ።

ከተማዋን ሳይወጡ ሬዲዮ ተከፈተ። ጃሬድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የየወረዳውን ቁጥር ያወራል፤ ከኋላ አንዱ ውሸት ነው ይላል፤ ሌላው ተሰርቆ ነው ይላል። ሬሳ መሐላቸው ተኝቷል፤ እነሱ ክንዳቸውን ሣጥኑ ላይ አስደግፈው መቶኛ ያሰላሉ። ፔኒና አንዴ ዞራ ተቆጣች፣ ሁለቴ ተቆጣች፤ በሦስተኛው ስልኩን ቀምታ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ዶሮዎቹ እንኳ ዝም አሉ።

አንድ ሰዓት ከሄዱ በኋላ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተቆልሏል። ከጀርባው ቆመጥ የያዙ አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎረምሶች አሉ፤ ሁለቱ መሰላል የታተመበት ካናቴራ ለብሰዋል። እንግዲህ የእሷ የትውልድ ወገን ልጆች መሆናቸው ነው። አንዱ ረጅም፣ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

"ማነው የሞተው?"

"ጆሴፍ!" አለ ጃሬድ።

"ዛብሎን!" አሉ ሁለት ሴቶች።

"ፓስተራችን ነው፣" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ነገር የሚያሳምር መስሎት።

ረጅሙ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "ሬሳ አይደለም። የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው የጫኑት። ሣጥኑ ይከፈት!"

በሣጥን ወረቀት ይዞራል የሚል ወሬ ሰሞኑን ስልኩን ሁሉ አዳርሶ ነበር። የሕፃኑ እናት መጸለይ ጀመረች። ፔኒና ግን ፍርሃቱ ሳይደርስባት ንዴቱ ቀደማት። በሩን ከፍታ ወረደችና፣ እናቷ ስትገርፋት በምትናገረው ቋንቋ፣ በኪኩዩ፣ ለቀቀችበት።

"የማን ልጅ ነህ? እናትህ አንተን የወለደችው መንገድ ላይ ድንጋይ እንድትቆልል ነው? ክፈተው! ና ክፈተው! ባሌ ነው፤ ስምንት ቀኑ ነው፤ ሽታውን አንተ ትችለዋለህ! ከከፈትከው ግን አጥበህ፣ ገንዘህ፣ ራስህ ተሸክመህ ትቀብረዋለህ! ደግሞ ይቺ ሱሪ፣ ይቺ የለበስካት፣ ከኔ መደብ የተገዛች ናት፤ በዋጋዋ የተከራከርከኝ ሰውዬ አንተ ነህ፤ ፊትህን አውቀዋለሁ!"

ሱሪው ከእሷ የተገዛ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። ረጅሙ ግን ሱሪውን አየ። "ይቅርታ፣ ማማ፣" አለ። ሁለቱ ልጆች ድንጋዩን ገፉት፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ቅጥቅጡ አለፈ።

ፔኒና ምስጋና አልጠበቀችም፤ ቢያንስ ግን የእፎይታ ጩኸት ጠብቃለች። ሃያ ስድስት ሰው ግን ዞሮ ያያታል።

"ማማ ላዊ፣" አለች ሪስፓ ቀስ ብላ። "ከነሱ ነሽ እንዴ?"

"የዛብሎን ሚስት ነኝ።"

"ጥያቄዬ እሱ አይደለም።"

"መልሴ እሱ ነው።"

ሹክሹክታው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ቀጥሎ የሚዘጋው መንገድ የሐይቁ ወገን ልጆች ያሉበት ነው። እዚያ መታወቂያ ይታያል። መታወቂያዋ ላይ የተራራው አገር ስም ከተገኘ ሁሉም ከሃዲ ተብለው ያልቃሉ። ጃሬድ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በጥበብ እንነጋገር። የሚቀጥለው ከተማ ላይ ብትወርድስ? እኛ ሬሳውን እናደርስላታለን። ቀብሩ ላይ..."

"እናንተ?" አለች ፔኒና። ድምፅዋ የባሰ ስለቀጠነ ኪሎንዞ በመስታወት አያት። "ስሙን እንኳ የማታውቁት እናንተ ልትቀብሩት? እኔ ከባሌ ቀብር ልወርድ? መኪናውን የተከራየሁት እኔ! ሬሳው የኔ! እናንተ እንኳን ለቀስተኛ ተሳፋሪም አይደላችሁም!"

"መውረድ የፈለገ ይውረድ፣" አለ ኪሎንዞ ከፊት፣ ሳይዞር። "እኔ የማውቀው ያናገሩኝን ሴትዮ ብቻ ነው።"

የወረደ የለም። ነገር ግን ሪስፓ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ "እሺ። እዚያ ስንደርስ ግን አፍሽን እንዳትከፍቺ። ሰላምታም እንዳትመልሺ። ለልጅሽ ስትዪ" አለቻት። ፔኒና ባሏን መቅበር ነበረባት። ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። በሃምሳ ዓመቷ ዝም በይ የተባለችበትና እሺ ያለችበት ቀን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ኬላ ላይ እንጨት ተጋድሟል፤ ሞተሮች ተደርድረዋል። አለቃቸው መነጽር ያደረገ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ካፒቴን ይሉታል። ገብቶ ሣጥኑን በእጁ ዳሰሰ።

"የማን ልጅ ነው?"

በዚህኛው ትምህርቱ ሠርቷል። "ዛብሎን ኦጉቱ! ሬዲዮ ጠጋኝ!" አሉ ሃያ ስድስቱም ባንድ አፍ።

"ሚስቱ ማን ናት? መታወቂያ እንይ።"

የፔኒና እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። በዚያች ቅጽበት ሪስፓ ቅርጫቷን ጥላ ሣጥኑ ላይ ተደፋች። "እኔ ነኝ! ባሌን! ወይኔ ባሌን! ገደለብኝ!"

ለማዳን ይሁን ለራሷ ፈርታ፣ ሪስፓ ራሷም አታውቀውም። መታወቂያዋን አወጣች፤ ስሟ የሐይቁ አገር ስም ነው፤ ካፒቴን አይቶ መለሰላት። ከዚያ ግን መነጽሩን አነሣ።

"ማን ነው የገደለው?"

ሪስፓ ለቅሶ ላይ ሁሉም የሚለውን ነው ያለችው፤ ሞት ገደለብኝ ማለቷ ነበር። አሁን ግን የልጁን ፊት ስታይ ደነገጠችና በደመነፍስ "እዚያ... ናኩሩ" አለች።

ከዚያ በላይ አላስፈለገም። "ናኩሩ ገደሉት!" ከመስኮት ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሞተር ዞረ። ፔኒና ብድግ አለች፤ ጃሬድ ክንዷን ጨብጦ አስቀመጣት። አሥራ ሁለት ሞተሮች ጥሩምባቸውን እየነፉ ቅጥቅጡን ከበቡና ጀግናቸውን ሊሸኙ ተነሡ። ዛብሎን ጀግና! ዓይጥ ካየ ወንበር ላይ የሚወጣው ዛብሎን!

ግቢው በር ላይ ኦቾላ ቆሟል። የሞተሮቹን ብዛት አየ፤ ከሣጥኑ ጋር እያለቀሰች የምትወርደውን የማያውቃትን ሴት አየ፤ ከኋላ የምትመጣውን ፔኒናን አየ። ሰውዬው ቂል አይደለም።

"ሺሜጂ፣" አለ ወደ እሷ ሳይዞር፣ በከንፈሩ ጫፍ። "እስኪሄዱ ታገሺ። ማእድ ቤት ግቢ።"

ቤቱ ቆሟል። አራት እንጨትና ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ገና የሰው ቁመት አልደረሰም፤ ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አስገብተው አወጡት። እንደ ወጉ ሬሳው አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ነበረበት፤ ዘንድሮ ግን ነገ ውጤት ስላለ ሽማግሌዎቹ ዛሬውኑ ይሁን አሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ለሚስት የሚነጠፈው ሰሌን ተነጠፈ። ሪስፓ ተቀመጠችበት። ከጎኗ የፔኒና አማት ማማ ሴሊና፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሮአቸው ግን የማይስት ባልቴት፣ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ፔኒና በድስቶች መሐል ቆማ ሽንኩርት እንድትልጥ ተሰጣት። ላጠች። የሃያ ስምንት ዓመት ባሏ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ሊቀበር ነው፤ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች። ሁለት ልጆች ነጭ ጋዝ በጀሪካን ይዘው ከማእድ ቤቱ ጀርባ ሲያወሩ ሰማቻቸው።

"አፈሩ እንዳለቀ ነው ያለው ካፒቴን። መጀመሪያ የካማንዴ ሱቅ።"

"ሽማግሌው ውስጥ ነው እኮ የሚተኛው።"

"ታዲያ ዛብሎንን ሲገድሉት አዘኑለት?"

ካማንዴን ታውቀዋለች። ከተራራው አገር መጥቶ በዚያች ትንሽ ገበያ ጨውና ሳሙና ሲሸጥ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ዛብሎን ለእረፍት ሲመጣ ሬዲዮውን በነፃ ይጠግንለት ነበር። ፔኒና ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዝም በይ ያሏት እዚህ ድረስ ነው።

ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ሪስፓ ሟቹን እያወደሰች ነበር፤ ሚስት ሆና ተቀምጣ ዝም ማለት አይቻልማ። "ረጅሙ ባሌ! ቃሉን የማያጥፍ! እጁ የማይሰስት! ክፉ ቃል ከአፉ ያልወጣ! ወይኔ፣ ምን አደረጋቸው!" ጎረምሶቹ በእያንዳንዱ ቃል ይበልጥ ይግላሉ።

"ረጅም?" አለች ፔኒና።

ሁሉም ዞረ።

"ረጅም? ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው! አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት ነው የሚጠራው! ቃሉን የማያጥፍ? ቤት እሠራለሁ ብሎ ሃያ ስምንት ዓመት አታሎኛል፤ ያንን የዶሮ ቤት የሚመስል ነገር እንኳ ሞቶ ነው ያገኘው!" ሉኦኛ ነበር የምትናገረው፤ የተራራው ለዛ ግን ከአፏ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ኦቾላ ራሱን ያዘ። እሷ መቼ አየችው። "ማንም አልገደለውም! ሐኪሙ የግፊት ኪኒን ሰጠው፤ ከብሎንና ከሽቦ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠው። ዋጥ ስለው ጤነኛ ነኝ ይላል። እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ? ከሬዲዮ ጋር ተጣልቶ! ሐሙስ ማታ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ሲከራከሩ ይሰማል። ብድግ ብሎ ይጮኻል፣ ጣቱን ይቀስርበታል፣ 'ውሸታም!' ይለዋል። ሬዲዮ እኮ ነው ስለው እኔን ይቆጣኛል። ክርክሩ ሳያልቅ ወደቀ! የኔ ባል፣ የሰውን ሁሉ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው፣ በሬዲዮ ሞተ! ለማን ብሎ? ለነዚያ? ስሙን ለማያውቁት ሰዎች! ምናለ አጥፍተኸው ራትህን ብትበላ? ራቱ እኮ ቀርቦ ነበር! እስካሁን ክዳኑ እንደተከደነ ነው፤ ማንሣት አቅቶኝ!"

ከለቀስተኞቹ መሐል አንዲት አሮጊት ሳታስበው ሳቀችና አፏን በልብሷ ጫፍ ያዘች።

ካፒቴን ሪስፓን አየ፤ ሪስፓ መሬት መሬት ታያለች። ፔኒናን አየ። ልጁ እናት አለው፤ አባቱን እንዲህ የምትቆጣ እናት። የሟች ሚስት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

"ስምዎ ማነው?" አለ።

"ዋንጌቺ።"

ኦቾላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ማማ ሴሊና ግን በትራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱ።

"ጨረስሽ?" አሉ።

"አልጨረስኩም።"

"እኔም አልመሰለኝም። ካፍሽ ያልወጣ ስንት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። የቀረውን እዚህ ተቀምጠሽ ትነግሪዋለሽ። ነይ።"

ሪስፓ ከሰሌኑ ተነሣች፤ ሳትጠየቅ፣ በችኮላ። ካፒቴን ጀሪካን ወደያዘው ልጅ ዞሮ "አስቀምጠውና አካፋ ያዝ" አለው፤ ልጁ ሲያመነታ ራሱ ካፒቴን አካፋውን አነሣ።

ፔኒና በአማቷ ጎን ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው አፈር ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ የባሏን ስም ጠርታ አለቀሰች።